በዳዊት የሚደገመው ሊባኖስ

ባለፈው ዓመት በጾመ ፍልሰታ ወራት፣ በቤይሩት ከተማ በሰው ቤት አምስት ዓመት አገልግላ የተመለሰች አንዲት የሰፈራችን ልጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ቆማ ጠበቀችኝና፣ «የኔታ፣ እኔ የኖርሁበት ሊባኖስና እርስዎ በዳዊት የሚደግሙት ሊባኖስ አንድ ነው ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። «አዎን ልጄ፣ አንድ ነው» ብዬ ባርኬ አሰናበትኋት። ነገር ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ልቤ አላረፈም። ከሃያ ዓመት በላይ ቅኔ ሳስቈጥር ሊባኖስ የሚለውን ስም ለሰምም ለወርቅም አግብቼው ኖሬአለሁ፤ ስለ ምድሩ፣ ስለ ከተሞቹና ስለ ዛፉ ግን ከስሙ በቀር የማውቀው እጅግ ጥቂት መሆኑን ያን ዕለት ተረዳሁ። ከዚያ ወዲህ ካነበብሁት ጥቂቱን ለአንባብያን ማካፈል መልካም መስሎ ታየኝ። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሊባኖስ በሜዲትራንያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳር የሚገኝ ትንሽ ተራራማ ሀገር ነው። ስፋቱ 10,452 ካሬ ኪሎሜትር ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ምድር ላይ መቶ ጊዜ ቢቈጠር ገና ቦታ ይተርፋል። ከባሕሩ ዳር ጠባብ ሜዳ አለ፤ ከሜዳው ወዲያ የሊባኖስ ተራራ ወዲያው ሽቅብ ይነሣል፤ ከተራራው በስተጀርባ በቃዕ የሚባለው ለም ሸለቆ ተዘርግቶአል፤ ከእርሱም ማዶ ከሶርያ ጋራ የሚያዋስነው ሁለተኛው የተራራ ሰንሰለት ይገኛል። የሁሉ በላይ የሆነው ራስ፣ ቁርነት አስ-ሰውዳ የሚሉት፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,088 ሜትር ነው። ከዚህ ራስ እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ እጅግ አጭር ስለ ሆነ፣ በአንድ ቀን ከበረዶ ላይ ተነሥቶ ወርዶ በባሕር መታጠብ የሚቻል ነው።

ስሙም ከዚሁ በረዶ የተገኘ ነው ይላሉ ሊቃውንት። ላባን በዕብራይስጥ ነጭ ማለት ነውና፤ ዐረቦችም ወተትን ለበን ይሉታል። ቅኔ ዐዋቂ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ አያልፍም፤ በረዶውም ወተቱም በአንድ ቃል ሲገናኙ ኅብረ ቃሉ ሳይለፋ ይመጣለታል።

እንግዲህ ስለ ዛፉ እንናገር። ዳዊት በ28ኛው፣ በ91ኛውና በ103ኛው መዝሙር የሚያነሣውን አርዝ የአማርኛ ተርጓሚዎች ዝግባ ብለውታል። ትርጓሜው ለሀገራችን አንባቢ የሚቀርበውን ዛፍ መርጦ ስለ ተናገረ አይነቀፍም፤ ሆኖም የእኛ ዝግባ የዚያ ዛፍ ወገን አይደለም። የሊባኖሱ አርዝ ቅርንጫፉን እንደ ጠፍጣፋ ጥላ ወደ ጎን የሚዘረጋ፣ እንጨቱ መልካም መዓዛ ያለውና ነቀዝ በቀላሉ የማይደፍረው፣ ዕድሜውም ከሺህ ዓመት ሊያልፍ የሚችል ነው። ስለዚህ የጥንት ነገሥታት ሁሉ ተመኙት። በ1954 በግብፅ በጊዛ ታላቅ ፒራሚድ ግርጌ ከጉድጓድ የተገኘው የንጉሥ ኩፉ መርከብ፣ ርዝመቱ 43 ሜትር ያህል የሆነው፣ የተሠራው ከሊባኖስ አርዝ ነው፤ ዕድሜውም ከ4,500 ዓመት በላይ ነው። ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ለጢሮስ ንጉሥ ለኪራም ልኮ ከእስራኤል 30,000 ሰው እንዳወጣና በየወሩ 10,000 እየተፈራረቁ በሊባኖስ እንዲሠሩ እንዳደረገ መጽሐፈ ነገሥት ይናገራል። እኛ ይህን ስናነብ የምናስበው የመቅደሱን ክብር ነው። ከተራራው ወገን ሆኖ ለተመለከተው ግን ይህ ሁሉ ምሳር ነው።

ምሳሩም አላቋረጠም። የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ሀድርያኖስ፣ ከ117 እስከ 138 የነገሠው፣ ዐራት ዐይነት ዛፍ ለመንግሥት የተከለለ እንዲሆን በተራራው ዐለት ላይ አስቀረጸ፤ ወደ 200 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ ጽሕፈቶች በየገደሉ ተገኝተዋል። የከለለው ግን ለዛፉ አዝኖ አይደለም፤ ለመርከቡ ፈልጎት ነው። ዛሬ በብሸሪ መንደር በላይ፣ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የእግዚአብሔር አርዞች የሚባሉት ጥቂት መቶ ሽማግሌ ዛፎች ቆመው ይታያሉ። እነዚህን ያቆያቸው የማሮናውያን ካህናት ጥበቃ ነው፤ በመካከላቸውም በ1843 የታነጸች ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። በ1876 ደግሞ ፍየሎች ቡቃያውን እንዳይበሉ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶርያ በሰጠችው ገንዘብ ዙሪያው በድንጋይ ታጠረ። በጎጃምና በጎንደር ገጠር የሄደ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ ምድሩ ሁሉ ተመንጥሮ የእርሻና የግጦሽ ሜዳ ሲሆን፣ በሩቁ ጠቈር ብሎ የሚታየው ጫካ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ነውና።

ከተራራው ወደ ባሕሩ ስንወርድ መጀመሪያ ጌባልን እናገኛለን። የአሁን ስሟ ጁበይል ነው፤ ግሪኮች ግን ቢብሎስ አሏት። የግብፅ ቄጠማ፣ የጥንቱ መጻፊያ፣ በዚች ወደብ በኩል ወደ ግሪክ ይሻገር ስለ ነበረ መጽሐፍን በከተማይቱ ስም ጠሩት፤ የቅዱሳት መጻሕፍት ስብስብ በአውሮጳ ቋንቋዎች የሚጠራበት ቃልም ከዚያው የወጣ ነው። በ1923 በዚች ከተማ የንጉሥ አሒራም የድንጋይ ሣጥነ ሬሳ ተገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1000 ዓመት ገደማ በክዳኑ ላይ የተቀረጸው ጽሕፈት፣ በፊንቄ ፊደል ከተጻፉት ረዣዥም ጽሕፈቶች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ፊደሉ 22 ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ እነዚህን 22 ፊደላት ያውቃቸዋል፤ በ118ኛው መዝሙር በየክፍሉ ራስ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እየተባሉ የተጻፉት ናቸው።

በዚህ አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ሰዎች የግዕዝ ፊደል ከፊንቄ የተወለደ ይመስላቸዋል፤ እንዲህ አይደለም። የእኛ ፊደል በደቡብ ዐረብ በኩል የመጣ ሲሆን ከፊንቄው ጋራ የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አበገደና ሀለሐመ የሚባሉትም ሁለቱ የፊደል ተራዎች እኩል ጥንታውያን ናቸው፤ ከሊባኖስ በስተሰሜን በኡጋሪት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ምእት ዓመት በሸክላ ላይ የተጻፈ የሀለሐመ ተራ ተገኝቶአልና። የአሒራም ሣጥን አሁን በቤይሩት ቤተ መዘክር ይገኛል። ከ1975 እስከ 1990 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ቤተ መዘክሩ የጦር ግንባር ስለ ሆነ፣ ሹሙ ሞሪስ ሸሃብ ሊነሡ የማይችሉትን ታላላቅ ቅርሶች በሲሚንቶ አስገንብቶ ሸሸጋቸው፤ በዚህም ብልሃት ተረፉ።

ወደ ደቡብ ሲዶና አለች፤ በባሕር ውስጥ በ1228 መስቀላውያን የሠሩት ምሽግ እስከ ዛሬ ይታያል። ኤልያስ ወደ መበለቲቱ የተላከባት ሰራጵታም በሲዶናና በጢሮስ መካከል ናት። ነገር ግን ለእኛ ከሁሉ የምትበልጠው ጢሮስ ናት።

ጢሮስ በጥንት በባሕር መካከል ያለች ደሴት ነበረች፤ በራሳቸው ቋንቋ ስሟ ዐለት ማለት ነው። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ከብቦ፣ ባሕሩን በድንጋይና በእንጨት ሞልቶ መንገድ ሠራና ከሰባት ወር ከበባ በኋላ ያዛት። በዚያ መንገድ ግራና ቀኝ አሸዋ እየተከማቸ ሄዶ ደሴቲቱ ከየብስ ጋራ ተጣበቀች፤ እስከ ዛሬም እንደ ተጣበቀች ናት።

ከዚች ከተማ በአራተኛው ምእት ዓመት ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ፣ ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ የሚባሉ ሁለት ልጆች ይዞ ሀገር ለማየት በባሕር ተነሣ። ሲመለሱ መርከባቸው ለውሃና ለስንቅ ወደ ወደብ በቀረበ ጊዜ የሀገሩ ሰዎች ተነሥተውባቸው ሰዎቹን ገደሉ፤ ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ስለ ተገኙ ራሩላቸውና ወደ አክሱም ንጉሥ ወሰዱአቸው። የሚቀጥለውን አንባብያን ሁሉ ያውቁታል፤ ፍሬምናጦስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተብሎ ሐምሌ 26 ቀን በስንክሳር የሚታሰብ የመጀመሪያው ጳጳሳችን ነው። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ፣ ይህን የሰማሁት ከሌላ አይደለም፣ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቅስና ከተሾመው ከኤድስዮስ ከራሱ አፍ ነው ይላል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችን የልደት ታሪክ በዓለም የተሰማው መጀመሪያ በሊባኖስ ወደብ ከተማ በተነገረ ቃል ነው። እነዚያ ልጆች በዛፍ ጥላ ሥር ሲያጠኑ ባይገኙ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልሁ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ በጥላ ሥር ዜማና ቅኔ ሲቀጽል ላደገ ሰው ይህ የታሪክ ክፍል እንደ ዘመድ ወሬ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ፍሬምናጦስን ጵጵስና የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው፤ ይህንኑ አትናቴዎስን በ335 ሰብስበው የፈረዱበትና ከመንበሩ ያወረዱት የአርዮስ ወገኖች ጉባኤያቸውን ያደረጉት በጢሮስ ነበረ። ኋላም ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢዎስ፣ ፍሬምናጦስን መልሳችሁ ወደ እስክንድርያ ስደዱልኝ፣ በእኛም ጳጳስ ይመርመር ሲል ለኤዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ፤ የደብዳቤው ቃል በአትናቴዎስ መጽሐፍ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። ፍሬምናጦስ ግን በአክሱም ቀረ። አትናቴዎስን ያሳደደች ከተማ ለአትናቴዎስ ሃይማኖት አክሱምን የሚያጸናውን ልጅ ከማኅፀንዋ አውጥታ ነበረች።

ስለ ቤይሩትም የማይታወቅ አንድ ዝምድና አለን። ከሦስተኛው ምእት ዓመት ጀምሮ በዚያ የሮም የሕግ ትምህርት ቤት ነበረ፤ በ551 የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል ከተማይቱን እስኪያጠፋት ድረስ ዝናው ታላቅ ነበረ። የትውልድ ሥሩ ከጢሮስ የሆነው ኡልፒያኖስ የሚባለው የሕግ ሊቅ ደግሞ ዮስጢኒያኖስ ባሰበሰበው የሊቃውንት ሕግ ውስጥ ቃሉ ከሁሉ በዝቶ ይገኛል። ይህ ሕግ እያጠረ ወደ ምሥራቅ ክርስቲያኖች ተሻገረ፤ በ13ኛው ምእት ዓመት በግብፅ ኢብን አል-ዐሳል ለሰበሰበው መጽሐፍ አንድ ምንጭ ሆነው፤ ያም መጽሐፍ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ፍትሐ ነገሥት ተባለ። በሥጋዊው ክፍል ስለ ሽያጭና ስለ ውርስ ስናነብ ከቃሉ ጥቂቱ በዚያ ባሕር ዳር ሲነገር የነበረ ነው።

ከቤይሩት በስተሰሜን ጥቂት ሄዶ ነህር አል-ከልብ የሚባል ወንዝ አለ። ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው ትርጓሜ አያሻውም፤ ከልብ በዐረብም በግዕዝም ውሻ ነው። በዚያ ተራራው ወደ ባሕሩ ገብቶ መንገዱን ስለሚያጠበው የሚያልፍ ሠራዊት ሁሉ በዐለቱ ሥር ያልፋል፤ ያለፈም ንጉሥ ሁሉ ስሙን በዐለቱ ላይ አስቀርጾአል። የግብፁ ዳግማዊ ራምሴስ፣ ግብፅን ድል ያደረገው የአሦሩ አስራዶን፣ የባቢሎኑ ናቡከደነፆር፣ የሮሙ ካራካላ በየተራ ጽፈዋል። በ1860 የመጣው የፈረንሳይ ጦር ከራምሴስ ጽሕፈቶች አንዱን ሸፍኖ በላዩ የራሱን አኖረ፤ ሌላ ባዶ ዐለት የጠፋ ይመስል። በ1943 ነጻ የወጣው የሊባኖስ መንግሥትም የባዕድ ጦር በ1946 ጨርሶ ሲወጣ የራሱን ጽሕፈት ጨመረ። የወንዙም ምንጭ ጄይታ ከሚባለው ድንቅ ዋሻ ነው፤ ውስጡ ከጣሪያው በሚወርድና ከወለሉ በሚበቅል የኖራ ድንጋይ ዐምድ የተሞላ ሲሆን የታችኛውን ክፍል በጀልባ ይሄዱበታል።

በበቃዕ ሸለቆ ያለችው በዓልበክም በሮማውያን መቅደስ የታወቀች ናት። የስሟ መነሻ በዓል ነው፤ ይህም ቃል በግዕዝ በዓለ ቤት፣ በአማርኛ ባለ ቤት ስንል የምንናገረው ነው። ከድያ መቅደስ 54 ዐምዶች ቁመታቸው 20 ሜትር ያህል የሆነ ስድስት ብቻ ቆመው ይታያሉ፤ ከመሠረቱም ድንጋዮች ሦስቱ እያንዳንዳቸው 800 ቶን ያህል ይመዝናሉ። ብዙ ሰው ስለዚህ ይደነቃል፤ እኔ ግን ወደ ቃዲሻ እቸኩላለሁ።

ቃዲሻ በሱርስት ቅድስት ማለት ነው። ከብሸሪ አርዞች ሥር የሚጀምር ጥልቅ ገደል ሲሆን፣ ከጥንት ጀምሮ መነኮሳት በግድግዳው ዋሻ ፈልፍለው ኖረውበታል፤ በ1998 ከዓለም ቅርሶች ተቈጥሮአል። በዚያ በቆዝሐያ ገዳም በ1610 መዝሙረ ዳዊት በሱርስትና በዐረብኛ ታተመ፤ በዚያ አካባቢ ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። የግዕዝም መጻሕፍት መጀመሪያ በማተሚያ የወጣው ዳዊት ነው፤ እርሱም በ1513 በሮም ነበረ። ሁለቱም ሕዝቦች ማተሚያ ባገኙ ጊዜ እጃቸውን መጀመሪያ የዘረጉት ወደ አንዱ መጽሐፍ ነው።

በዚሁ ገደል አጠገብ በኤህደን በ15ኛው ምእት ዓመት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ኖረዋል። የተሰጣቸው የቅዱስ ያዕቆብ ገዳም የአሕባሽ ገዳም ተባለ። ይህ ወራት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1445 ደብረ አስቦን ደብረ ሊባኖስ ብለው ከሰየሙ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ በሸዋ የሊባኖስ ስም ሲወጣ፣ በሊባኖስ የሐበሻ ስም ወጥቶ ነበረ። ነገር ግን ስለ ባሕርየ ክርስቶስ በተነሣው ክርክር ማሮናውያን ከያዕቆባውያን ጋራ ሲጣሉ፣ የእኛም ሰዎች ከያዕቆባውያን ጋራ ስለ ተቈጠሩ በ1488 ገዳሙን ለቀው ወጡ። ምን ያህል መጻሕፍት ይዘው እንደ ወጡ፣ ማንስ እንደ ተቀበላቸው ማወቅ እንዴት በወደድሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ዝም ብሎ አለፈና፣ በእኛ ዘመን መንገዱ እንደ ገና ተከፈተ። ይሁን እንጂ የሚሄዱት መነኮሳት አይደሉም፤ የድኾች ሴቶች ልጆች ናቸው። ከፋላ በሚባለው ሥርዐት ሠራተኛይቱ የምትኖረው በአሠሪዋ ዋስትና ስለ ሆነ፣ ያለ እርሱ ፈቃድ ሥራ መለወጥም ሆነ መውጣት ይከብዳታል። በ2020 ገንዘቡ በረከሰ ጊዜ ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው አምጥተው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 4 ቀን በቤይሩት ወደብ ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን የአሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ የከተማይቱም ብዙ ክፍል ተጎዳ። ከዚያ ዐሥር ዓመት አስቀድሞ፣ በጥር 25 ቀን 2010፣ ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከባሕር ወድቆ በውስጡ የነበሩት 90 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሊባኖሳውያንና ኢትዮጵያውያን፣ አልተረፉም። በ2024 ጦርነትም የአየር ድብደባ በበዓልበክና በጢሮስ አጠገብ ወርዶአል።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ ያችን ልጅ አስጠርቼ አነበብሁላት። ጢሮስንም፣ ቃዲሻንም፣ አርዙንም አላየችም፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ከከተማይቱ የወጣችበት ቀን አልነበረም። «በክረምት የወጥ ቤቱን መስኮት ስከፍት ግን በሩቅ ነጭ ተራራ ይታየኝ ነበር፤ ስሙን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም» አለችኝ። ከቤይሩት በስተምሥራቅ በረዶ ለብሶ የሚታየው፣ 2,628 ሜትር ከፍታ ያለው ሰኒን የሚባለው ተራራ ነው። በወረቀት ጻፍሁላትና ሁለት ጊዜ አንብባ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።